የዋሻው ባለቤት ይሸኘን

ታዴዬ፣

እንዴት ከረምክ ብዬ ብጀምር ትስቅብኛለህ። ሳቅ፣ ግድ የለም። ሙት ዓመትህን ካሰብን ገና ወር አልሞላም፤ አንድ ጥያቄ ግን ሲያብሰለስለኝ ከረመና ካንተ ሌላ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈሰውን የጓዳውን ቆርቆሮ አስቀየርኩት፤ አንተ ብትኖር እስካሁን ነገ ነገ እያልክ ነበር። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች። የመሐል ሜዳ ብርድ እንዳለ ነው፤ በርኖስህን እኔ ነኝ የምለብሰው፣ እግሬን እየጠለፈኝም ቢሆን ይሞቃል። ያች ምላሰኛ እህቴ ትዕግሥት ጤና ጣቢያ ተቀጥራለች። ጠረጴዛህን ግን ካለበት ንቅንቅ አላደረግሁትም።

ጥያቄዬም ስለዚያ ጠረጴዛ ነው። ደብረ ብርሃን ስትማር ከጓደኞችህ የለመድከውን የዋሻ ጨዋታ ይዘህልን ስትመጣ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሽፈራው ያሉትን ታስታውሳለህ? ይኼማ ተረት ነው፣ ተረትን ደግሞ ተራኪው ይጨርሰዋል እንጂ አድማጭ ምን አገባው ነበር ያሉት። አንተ የዋሻው ባለቤት ሆነህ ፊታችን ያለውን ትነግረናለህ። እኔ፣ ትዕግሥትና ጋሽ ሽፈራው በሐሳብ ገብተን ምን እንደምናደርግ እንናገራለን። ይሳካ አይሳካ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበት ዳይስ ተጥሎ ይፈርዳል፤ ስድስት ከወጣ በደንብ ተሳካ ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተን እንቀመጥና ሳናውቀው ይመሽ ነበር።

ታዲያ ያንተ ዋሻ ምኑ ነው እንዲያ ያስወደደው? ባለፈው ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ የቀየት ሰው አጠገቡ ለተቀመጠው ሲያወራ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ዋሻ ገብቶ ከአውሬ ጋር በግዕዝ ተነጋገረ ይላል። የኛን ዋሻ እኮ ነው! ከማን እንደሰማው እንጃ፣ በእውን የሆነ ነገር አድርጎ ነው የሚያወራው። አላረምኩትም፣ በግዕዝ ይሁንለት።

መጀመሪያ ያስወደደው የምታጠምድልን ወጥመድ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ግን ያ ወጥመድህ እንኳ መቼ ሠራ? ሁዳዴ ነበር። ዋሻው ውስጥ ተርበን ስንንከራተት ጥብስ የተዘረጋበት ገበታ ላይ አደረስከን። መርዝ አለበት፤ ስንት ቀን ስታሰላስለው የከረምከው ነገር ነው። ከመካከላችን አንድ ሰው እጁን አልሰደደም! ጋሽ ሽፈራው፣ ለሐሳብ ሥጋ ብዬ ጾሜን ልሻር እንዴ ብለው ተቆጡ፤ ትዕግሥትም ገበታውን በነጠላ ሸፍነን እንለፍ አለች። አንተ እንባህ እስኪመጣ ሳቅክ። መርዙን ያን ዕለት አልነገርከንም፣ ኋላ ነው የሰማሁት፤ ሌላ ወጥመድም አላመጣህብንም፤ ተርበን እንድናልፍ ፈቀድክልን።

መንገድ ላይ ያቆምክብን አውሬም እንደዚያው ነው። እኔ ጎራዴ መዝዤ ሳለሁ ጋሽ ሽፈራው ሽምግልና እንቀመጥ አሉ። ቆባቸውን አውልቀው፣ ሳናስፈቅድ ደጅህን ረግጠናል፣ አጥፍተናል፣ ይቅር በለን ብለው አውሬውን ለመኑት። ዳይሱ ደግሞ ስድስት ወጣ። አንተ ጣራ ጣራውን አየህና፣ አውሬው እስከዛሬ እንዴት ዋልክ ያለው ሰው እንደሌለ ነገርከን። ወይ ጉድ! ልገድለው የተነሳሁት እኔ ለአውሬው አለቀስኩ።

ከዚያ አውሬው ወደሚጠብቀው በር አሳለፈን፣ ጨዋታችን እዚያው በሩ ላይ ሳለም አንተ ታመምክ። ሆስፒታል ተኝተህ ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ስጠይቅህ፣ እኔም ከእናንተ ልሰማ እየጠበቅሁ ነው አልከኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሰሞኑን ጋሽ ሽፈራው መጡ። ዓይናቸው መርፌ አላይ ስላለ ልጃቸው ደብረ ብርሃን ልትወስዳቸው ነው። በሐሳብ ያስገባሁትን ሰውዬዬን ዋሻ ውስጥ ትቼው አልሄድም፣ አንቺ አውጪን አሉኝ። እኔ? አሞኛል ልል ምንም አልቀረኝ። እምቢ እንዳልላቸው ደግሞ የሚሄዱ ሰው ናቸው።

እሁድ ተቀመጥን። ከበሩ ወዲያ ወርቅ ከመርኩ፣ ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ አቆምኩ፣ ሁሉን ነገር አስቀድሜ ወስኜ ገባሁ። ትዕግሥት አዛጋች። ጋሽ ሽፈራው እንደ ሰርግ እንግዳ በትሕትና ያዳምጡኛል። በመጨረሻ ዘንዶውን ተውኩትና፣ በሩ ተከፈተ፣ ምን ይታያችኋል አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ምን እንደሚታይ እኔም አላውቅም ነበር፣ ለመስማት ጓጉቼ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ። ያን ጊዜ የሆስፒታሉ መልስህ ገባኝ። ለካ አልቀለድክም! አንተም እንደኛው ጓጉተህ ነበር የምትቀመጠው።

ጋሽ ሽፈራው ዓይናቸውን ጨፍነው ደጁ ይታየኛል አሉ። ገብሱ አሽቷል፣ የጓሳው ሣር በንፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ትዕግሥት ቀድማ ሮጠች። እሳቸው ግን ከደፉ ላይ ቆሙ፣ አልወጣም አሉ። ይኼን ሁሉ ጊዜ ቤቱ ገብተን ስንወጣ ስንወርድ የከረምን እንግዶች ነን፤ እንግዳ ብቻውን ደጅ የሚወጣው በየትኛው አገር ነው? ባለቤቱ ታደለ ይምጣና ይሸኘን አሉ።

ትዕግሥት አቀረቀረች። ታዴ፣ የዋሻው ባለቤት ሁሌ ይናገራል እንጂ አንድ ቀን ከኛ ጋር ወጥቶ እንደማያውቅ ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ዳይሱን ማንም አልነካውም። መጣ አልኳቸው። ጋሽ ሽፈራው እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ባዶው ወንበርህ ወዳለበት ዘረጉ፣ እኔም እጃቸውን ያዝክ አልኩ። ወጣህ።

እሳቸው ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዱ። እኔ መቃብርህን መሳለሜን አልተውም፤ ሳስብህ ግን ከእንግዲህ እዚያ አይደለም የማስብህ። ገብሱ ዳር ነህ፣ እንግዳህን እየሸኘህ፣ ትንሽ ልራመድ እያልክ።

ያንተዋ፣ ሚስትህ