ለሠርኬ ቀዩ ሲደበዝዝ

አዲስ ከተማ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የበረታብኝ። ታናሽ እህቴ ሠርኬም ጉንጭሽን ትስማለች።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የጋሼ ጓንጉል የክር ሱቅ ቆርቆሮው ግሎ ሳለ ነው። እትዬ ሀጅራ ቀይ ክር ጠየቁ፤ ሱቁን ስታግዝ የነበረችው ሠርኬ ቡናማ ሰጠቻቸው። «ምነው ልጄ፣ የሙሽራ ቀሚስ በቡና አተላ ይሰፋል?» ብለው ሳቁ። እሷ ግን ቀይ ነው ብላ ድርቅ አለች። ጋሼ ደንበኛዬ ላይ ቀለደች ብለው በጥፊ መቷት። በማግሥቱ ጠዋት ቀለሞቹን አንድም ሳትስት ስትለይ አይተው፣ ሥራ ሲበዛ ብቻ ነው የምትታወረው አሉ። ብከራከራቸው፣ «ፊደል የቆጠርሽው ለእኔ መልስ ለመስጠት ነው?» ብለው ሁለታችንንም ካስጠጉን ቤት አስወጡን። አሁን አብነት አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተናል። የአስተማሪነት ደመወዜ ይበቃናል፤ አትጨነቂ።

እማዬ፣ ልጅሽ አትዋሽም። ቀይ ክር አሳይቼ ዓይኖቿን በየተራ ሸፈንኩባት። በቀኟ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ነው፣ በግራዋ ግን ታጥቦ የለቀቀ ይመስላታል። ሲሞቃት ይብስባታል፣ ሲበርዳት ይመለስላታል። እጇንም እንደ ጉንዳን ይወርራታል። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ሐኪሙም መርምሯት የነርቭ ሕመም ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ስሙን መልቲፕል ስክሌሮሲስ ብሎ ጻፈልኝ። በልጅ ላይ እምብዛም አይታይም፣ መጥቶ ይሄዳል፣ ሄዶም ይመለሳል አለኝ። ለማረጋገጥ ግን ከዚህ በፊት አሟት እንደሆነ ማወቅ አለበት። ሠርኬን ቢጠይቃት አንገቷን ደፍታ፣ «እማዬን ጠይቋት» አለችው።

አምና ክረምት ለዕረፍት ስመጣ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አዝለሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ አየሁሽ። እሾህ ወጋት አልሽኝ። እግሯን ሳጥብ ቁስል አላገኘሁም። በዚያው ሳምንት የእነ ሀብተ ወልድ ሽማግሌዎች ሠርኬን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሊመጡ ነበር። ደብዳቤውን ሌላ ሰው እንደሚያነብልሽ ስለማውቅ ከዚህ አልፌ አልጽፍም። አልተቀየምኩሽም፤ ፈርተሽላት እንደሆነ ይገባኛል። ብቻ መቼ እንደጀመራት፣ ስንት ቀን እንደተኛች አስጽፈሽ ላኪልኝ።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ደጅሽን ሰላም ያድርግልኝ።

ጋሼን ይቅርታ ጠይቂ ብለሽ እንዳትልኪብኝ፤ አልጠይቅም። ታማ ሳለ ጤነኛ ናት መባሏንም ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ከእሳቸውም፣ ከአንቺም።

ጉልበትሽን የምስም
ልጅሽ