ስለ አክስቴ ግራናይት እና ስለ ማሳያ መጥበሻችን

ለተከበሩ የድንጋይ መሸጫ ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ ልክ እንደምንሸጠው ግራናይት፣ ይቅርታ፣ ስንሸጠው እንደምናወራለት ግራናይት፣ ሙቀትም ብርድም የማይበግረው እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ በጂኦሎጂ ተመርቄ በድርጅትዎ የሙከራ ጊዜዬን በማገባደድ ላይ ያለሁ፣ ባልደረቦቼ «ባለ መጥበሻዋ» የሚሉኝ ሠራተኛዎ ነኝ። ስሙን ያገኘሁት በእርስዎ ቸርነት ነው፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር የጋለ መጥበሻ ከምድጃ አንስቼ በማሳያው ግራናይት ላይ ቁጭ እንዳደርግና ፈገግ እንድል የመደቡኝ እርስዎ ነዎትና። ለዚህ ሥራ ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቆየቴ ትንሽ አንሶ እንደሆነ እንጂ አልበዛም።

ባለፈው ሳምንት የአንዲት ደንበኛችን የኪችን ግራናይት ከሲንኩ ፊት ለፊት ተሰነጠቀ። እርስዎም ዋስትናውን ላለመክፈል፣ ጥፋቱ የደንበኛዋ የአያያዝ ጉድለት ነው የሚል የባለሙያ ሪፖርት ጽፌ እንድፈርም፣ ከፈረምኩም የቋሚነት ደብዳቤዬ ወዲያው እንደሚወጣልኝ በአባትነት ድምፅ ነገሩኝ። ደንበኛዋ አክስቴ መሆኗን ሳስታውስዎም አልተከፉም፤ እንዲያውም ዘመድ የፈረመበት ሪፖርት ይበልጥ ይታመናል ብለው አበረታቱኝ። እኔም ሪፖርቱን ከማቅረቤ በፊት ውለታዎን በዝርዝር ማመስገን ይገባኛል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

1ኛ. እንደተቀጠርኩ ሰሞን፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ለደንበኞች የሚታደል የአያያዝ መመሪያ አዘጋጅቼ አቅርቤልዎ ነበር። ግራናይት ከእሳት የተወለደ ድንጋይ ስለሆነ ሙቀት አያቃጥለውም፤ ነገር ግን ቀዝቅዞ ባደረ ድንጋይ ላይ የጋለ ነገር ድንገት ሲያርፍ ያ ቦታ ብቻውን ልለጠጥ ይላል፣ ዙሪያው እምቢ ይላል፣ በሁለቱ ጭቅጭቅ መሀል ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከድስትና ከመጥበሻ ሥር ማስቀመጫ አይጥፋ። ዘይት ከፈሰሰ ሳይውል ሳያድር ይጠረግ፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይታጠብ፣ በሎሚና በኮምጣጤ ግን አይታሸት፣ የላዩን መከላከያ ቅባት ይበላዋልና። ውኃ ጠብ ሲደረግበት ጠብታው ድቡልቡል ብሎ መቆሙን ትቶ ወደ ውስጥ ከሰረገና ድንጋዩን ካጠቆረው ደግሞ ቅባቱ ይታደስ። እርስዎ አንብበው ሲጨርሱ፣ ይህን ያየ ደንበኛ ድንጋይ ሳይሆን በሽተኛ ቤቱ የሚያስገባ ነው የሚመስለው አሉና መመሪያውን ከትኩስ የሻይ ብርጭቆዎ ሥር አነጠፉት። የቢሮዎ ጠረጴዛ ግራናይት ስለሆነ ወረቀቱ በሙያው ተቀጥሯል። እኔ ገና ነኝ።

2ኛ. ለማሳያ ስለመረጡልኝ ድንጋይም አመሰግናለሁ። ወፍራም ነው፣ ለሲንክ ተብሎ አልተበሳም፣ ጠዋት ጠዋት ከመስኮቱ ሥር ፀሐይ ሲሞቅ ያረፍዳል። እንዲህ በእንክብካቤ የሚኖር ድንጋይ መጥበሻ ቢችል ምን ይገርማል። በሰው ኪችን ያለው ግን መሀሉ ለሲንክ ተቦርቡሮ ከፊቱ የሚቀረው ከመዳፍ ብዙም የማይሰፋ ስስ ድልድይ ነው። የእኛውም ቢሆን አልፎ አልፎ እየተሰነጠቀ በሌላ ሲተካ ለደንበኛ አለመናገራችን ልታይ ልታይ አለማለታችንን ያሳያል። ስንጥቆቹ ጓሮ ተደርድረው የምሳ መቀመጫ ሆነውናል፤ በበጋ በተለይ ይቀዘቅዛሉ።

3ኛ. አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። በስፌት መኪናዋ አሳድጋ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሥራ ቦታዬን ልይ ብላ የመጣች ዕለት መጥበሻውን ሳስቀምጥ አይታ፣ አጠገቧ ለቆሙት ደንበኞች ሁሉ ልጄ ናት፣ ተምራ ነው ስትል የሰሟት እርስዎም ነበሩ፤ ቆጥባ ያኖረችውን ገንዘብ የግራናይት ዋጋ ብለው በዚያው ቀን የተቀበሏትም እርስዎ ነዎት። አንድ ብርዳም ጠዋት እኔ እንዳሳየኋት መጥበሻዋን ከምድጃ አንስታ ሲንኩ ፊት አስቀመጠች፤ ድንጋዩም ጧ አለ። መጀመሪያ የደወለችው ለድርጅታችን አይደለም። ለእኔ ደውላ፣ ልጄ ድንጋይሽን ሰበርኩብሽ፣ ከሥራ እንዳያስወጡሽ ጥፋቱ የአክስቴ ነው ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ስንጥቁንም ሰው እንዳያየው የአበባ ጨርቅ ሰፍታ አልብሳዋለች። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ሪፖርት እንድጽፍ መፈለጋችሁ አስገርሞኛል፤ ልዩነቱ እሷ የፈለገችው ለእኔ ብላ መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ የጠየቁኝ የባለሙያ ሪፖርት የሚከተለው ነው። ድንጋዩ የተሰነጠቀው በአያያዝ ጉድለት ነው። ይህን አያያዝ ደንበኛዋ የተማረችው በድርጅታችን ማሳያ ክፍል፣ በድርጅታችን መጥበሻ፣ ከድርጅታችን ባለሙያ ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እንዳስተምር ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ድርጅቱ ግራናይቱን ሊተካላት ይገባል። እንዳዘዙኝ ፈርሜያለሁ።

የቋሚነት ደብዳቤዬን አሁንም በተስፋ እጠብቃለሁ። ድንጋይ እወዳለሁ፣ ስለ ድንጋይ እውነቱን የሚናገር ሰው መሸጫ ቤት ውስጥ ቢኖር ገበያ ይቀንሳል ብዬም አላምንም። ደብዳቤው ካልወጣ ደግሞ መጥበሻውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በቦታው ሰቅዬዋለሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለአባታዊ ምክርዎና ለሞቀው አቀባበልዎ ያለኝ ምስጋና ከማሳያ ድንጋያችን ረዘም ያለ ዕድሜ እንዲኖረው እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ባለ መጥበሻዋ

ግልባጭ፦
ለአክስቴ
ለማሳያ ክፍሉ በር፣ ከውጭ በኩል

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ወር ፋይል ላደርስልዎ ቤትዎ ስመጣ፣ በኪችንዎ ግራናይት ላይ ያሉትን ከእንጨት የተሠሩ የድስት ማስቀመጫዎች ሳላደንቅ አላለፍኩም፤ ድስት ቀርቶ የሞቀ ማንኪያ እንኳ ያለማስቀመጫ አያርፍም። ባለቤትዎ ይህን ሕግ ያወጡት እርስዎ መሆንዎን በኩራት ነግረውኛል። የት እንደሚሸጡ ቢጠቁሙኝ ለአክስቴ አንድ እገዛላት ነበር።