ቆሜ የጻፍኩልሽ

ልጄ፣ ዓይኔ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ የጣሪያውን ቀዳዳ ደፈንኩ ብሎ ይኩራራል፤ ባልዲው ግን እስካሁን ከሳሎን አልተነሳም።

ይህን የምጽፍልሽ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ አድርጌ፣ ቆሜ ነው። አትሳቂብኝ፤ ኪንታሮት ይዞኛል። ጉልበቴ ግድግዳ እየነካ የምውልባትን የቲኬት መሸጫ ክፍል ታውቂያት የለ? ተተኪዋ ሳትመጣ መውጣት ስለማይቻል፣ ሽንቴ እንዳይመጣ ብዬ ስንት ዓመት ውሃ ሳልጠጣ ዋልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ! ሆዴ ደረቀ፣ ማማጥ መጣ፣ ከዚያ ደም። አፍሬ ወገቤን አሞኝ ነው ስል፣ ያየኝ ሁሉ "ኧረ አረፍ በይ፣ ተቀመጪ!" እያለ ወንበር ይስብልኛል።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ "እማማ፣ ደም እያዩ ዝም ይባላል? ሌላ በሽታ ቢሆንስ ኖሮ?" ብላ ተቆጣችኝ። ውሃ እንድጠጣ፣ አትክልት እንዳበዛ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እንድቀመጥ፣ ሽንት ቤት እንዳልቆይ ነገረችኝ። ሻል ብሎኛል። ክፍሏ ግን ያችው ናት፤ ውሃዬን እጠጣና ተተኪዋ እስክትመጣ እግሬን አጣምሬ ሰዓቱን አያለሁ።

የላክሽውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። የሥራ ባልደረቦችሽ ተቀምጠው ሲበሉ፣ አንቺ ሳህንሽን ይዘሽ ግድግዳ ተደግፈሻል። በፊተኛውም ፎቶ ቆመሻል።

እባክሽ ልጄ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ለእኔ ደግሞ ወገቤን አሞኝ ነው እንዳትይኝ። ፈጣሪ የምትቀመጪበትን ሁሉ ያለስልስልሽ።

እናትሽ