ሰው ያነበበልኝ ደብዳቤ

ሐረር፣ አቦከር
ሰኔ 4 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለድሮ ወዳጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ሳልህስ ተሻለህ? ባለፈው እሑድ መድረክ ላይ ሁለት ጊዜ ፊትህን አዙረህ ስትስል አይቼሃለሁ። እኔ ደህና ነኝ ብል ደብዳቤዬ በውሸት ይጀምራል፤ ልጆቼ ግን፣ ተመስገን፣ ደህና ናቸው።

አዎ፣ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። በሰዓት እላፊው ምክንያት ዝግጅቱ በቀን መሆኑ በጀኝ። ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ለማ ነበር፣ አኮርዲዮን ይጫወትልህ የነበረው። አሁን ፈላና በር ራዲዮ ይጠግናል። ፂሙን ተላጭቶ፣ የባንዱን አሮጌ ኮት ለብሶ መጥቷል። አዲስ ካሴት ልታወጣ ነው ከተባለ ጀምሮ እንደ ሙሽራ ወንድም ሽር ጉድ ሲል ነው የሰነበተው። አንቺ፣ ዛሬ ስሜን ሳይጠራ አይቀርም አለኝ።

ጠራኸውም። ሦስተኛውን ዘፈን ልትጀምር ስትል፣ ይህ የተጠለልኩበትን ቤት ለሚያውቅ፣ አብሮኝ በልቶ ለሸጠኝ ለለማ ነው አልክ። ስለ እስሩ አላነሳህም፤ ግን ሰባት ዓመት የት እንደነበርክ የማያውቅ የሐረር ሰው የለም። ከፊት አንዱ፣ ይሁዳ ካለ ይነሳና ይጨፍር! ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። ለማ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማ። ስንወጣ፣ ዜማው ግን ያምራል አለኝ። በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ፣ እኔ ይህን አደርጋለሁ? አለኝ። እግዜር ያውቃል አልኩት።

አሁን ካሴትህ በየሻይ ቤቱ ይጮሃል። ለማ ዘንድ ራዲዮ የሚያሠራ ሰው ጠፍቷል። ጎረቤቱ መርየም፣ ወላሂ እኔ አላምንም እያለች ሾርባ ትወስድለታለች፤ አይቀምስም። ማንን ዝም በል እላለሁ?

ያን ቤት ከለማ ሌላ የሚያውቅ ነበር። በ1970 ከተደበቅክበት ሆነህ በለማ እጅ ደብዳቤ ልከህልኝ ነበር። ማንበብ እንደማልችል አፍሬ አልነገርኩህም። ለጎረቤታችን ለቀበሌው ጸሐፊ ለሀብተወልድ አስነበብኩት። ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ ሌላ አግብቻለሁ፣ አትጠብቂኝ ነው የሚለው አለኝ። እኔው ልቅደድልሽ ብሎ ኪሱ ከተተው። በሦስተኛው ቀን ተያዝክ። በዓመቱ ሀብተወልድን አገባሁ።

ፊደል የለየሁት ብቻዬን ነው፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ። እሱ በሞተ በአርባው ሣጥኑን ስከፍት ደብዳቤህን አገኘሁት፤ አልተቀደደም። ኤረር በር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነኝ፣ ቅዳሜ ነይና አብረን እንሂድ ይላል። ስለ ሌላ ሴት አንድ ቃል የለበትም።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። ልጆቼ የአባታቸውን ፎቶ እያዩ ነው የሚያድጉት። ዝምታዬ እኔን ብቻ የሚያቃጥል መስሎኝ ነበር።

ዘፈኑን ከሰው ጆሮ መልሰህ ማውጣት እንደማትችል አውቃለሁ። ብቻ ለማን አንድ ጊዜ፣ ሰው ባለበት፣ ወንድሜ በለው።

አምላክ ደረትህን ይማርልህ፤ ድምፅህን ያቆይልህ።

ለእሱ ፊት ለፊት ልነግረው ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ ደጁ እየደረስኩ ስለ ራዲዮ ጠይቄ ተመለስኩ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አድርስልኝ ብዬ የምሰጠው ለለማ ነው። ፖስታውን አላሸግሁትም።

ያኔ ወዳጅህ የነበርኩት