የሙሴ ስታቭሮ ሸርጣንና የእኔ ዶሮዎች

ጥቅምት 8 ቀን 1959፣ ማክሰኞ

ጓደኛዬ ሃዎ ዛሬም ከቦይ ለቅማ በእርጥብ ጆንያ አርባ ሸርጣን አመጣች። አንዱ አመለጠን... ከወጥ ቤት ወጥቶ፣ የምግብ አዳራሹን አቋርጦ፣ አንድ የጉምሩክ ሹም ጫማ ላይ ወጣ። ሰውዬው ወንበር ላይ ቆመ። ግሪኩ ባለሆቴል ሙሴ ስታቭሮ እስኪያስለው ሳቀ። ጌታው እንዲህ ከሳቀ ቀኑ ሰላም ነው።

“የሺ፣ አንተ እጅ ወርቅ ነው” አለኝ ሲበላ። አሥራ አንድ ዓመት አብስዬለት ዛሬም ለእሱ “አንተ” ነኝ። ሸርጣን ሳይበላ የዋለበት ቀን የለም። እኔ ግን ቀምሼው አላውቅም። በእኛ በተዋሕዶ ሃይማኖት አይፈቀድም። ሃዎም በእስልምናዋ አትቀምሰውም። አጥማጇም አብሳይዋም ጣዕሙን የማያውቁት ምግብ! እኔ የማበስለው በአፍንጫዬ ነው።

ጥሬውን ስከፍለው ቅርፊቱንና የሆድ ዕቃውን ለዶሮዎቼ እይዛለሁ። አራት ናቸው። የዋናዋን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ሞክሼዋ ቤተ መንግሥት ናት። እንቁላላቸውን የሃዎ ባል ሙመድ ይወስዳል። የካሚዮን ባትሪ ሠሪ ነው። ጠዋት ሁለት እንቁላል ካልበላ እጁ አይታዘዝለትም።

ጥቅምት 20፣ እሑድ

ዋናዋ ዶሮ ክንፏን ጥላ ስትንገዳገድ ዋለች። ሰከረች እንዴ? የጣለችው እንቁላል ደግሞ ቅርፊቱ ወረቀት ነው። ሙመድ እየተነጫነጨ ወሰደው። ቢነጫነጭም በላው።

ጥቅምት 27፣ እሑድ

ሙሴ ሆዱን ይዞ ዋለ። ሸርጣኑን ግን ጨረሰ።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

ክፉ ቀን። ሐኪሙ መጣ። ሙሴን አፉን አስከፍቶ ድዱን አየና ጠቆር ያለ መስመር አገኘበት። እርሳስ ገብቶበታል አለ... ያ ባትሪ ውስጥ ያለው፣ ብረት የሚበየድበት። ከዚያ በቀጥታ ወጥ ቤት! ከድስቶቹ ሁሉ የእኔኑ የሸርጣን ድስት መርጦ አነሣ። ሥሯ በእርሳስ ተበይዷል። ማን አስበየደው? እኔ።

ሙሴ ዓይኔን እንኳ አላየም። ነገሩ እስኪጣራ ቤቴ እንድቀመጥ አዘዘኝ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጠራኝ ሌላ አብሳይ ይቀጥራል። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ድስት ሊሄድ ነው። አለቀስኩ። ከልቅሶው ይልቅ ግን ንዴቱ በለጠብኝ። ሰው መርዛለች መባል... የኔ እጅ!

ኅዳር 4፣ እሑድ

ነጯ ዶሮ ሞታ አደረች። ጉድጓድ እየቆፈርኩላት ነበር። ቆይ... ዶሮዎቼ ድስት መቼ ያውቃሉ? የሚበሉት ጥሬውን ነው!

አካፋውን ጥዬ አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ድስቷ ነፃ ናት። እኔም ነፃ ነኝ። ሸርጣኑ ነው። ሙሴ ሥጋውን፣ እነሱ ትርፍራፊውን... ታዲያ ሸርጣን እርሳስ ከየት አመጣ? ነጯ ነፍስሽን ይማር ልልሽ ነበር፤ ለዶሮ ይባል አይባል አላውቅም።

ኅዳር 5፣ ሰኞ

ከሃዎ ጋር ሸርጣን ወደምትለቅምበት የአትክልት ቦይ ወረድኩ። ገና ከመድረሳችን አዳለጠኝና ጭቃው ውስጥ ተዘረጋሁ። ሃዎ እኔን ከማንሣቷ በፊት በደንብ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ስንት ቀኔ ነው ሳልስቅ።

ቀና ስል፣ ከቦዩ በላይ፣ ጥምዝምዙ ጋ... ሙመድ። እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ያረጁ ባትሪዎችን ሆድ እየከፈተ እርሳሱን ያጥባል፣ ያንጎራጉራል። ንጹሕ ሆኖ የደረሰው ውሃ ከእሱ ሲያልፍ ግራጫ ነው። ሃዎ ለባሏ እጇን አውለበለበችና ከሥሩ ሸርጣኗን መልቀም ጀመረች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ብናገር የጓደኛዬን ጆንያና የባሏን ሥራ እቀማለሁ። ዝም ብል የእኔ እንጀራ፣ የሙሴም ሆድ... ምን ይሻለኛል?

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ተናገርኩ። ቤታቸው ሄጄ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም ባሉበት። ሃዎ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። ሙመድ አልተቆጣም፤ እንደ ሕፃን ሊያስረዳኝ ሞከረ።

“የሚፈስ ውሃ አይነጀስም፣ የሺ። ሼኩን ጠይቂ። ወላሂ፣ የማጥበው ቆሞ በሚቀር ውሃ ቢሆን እኔም አላደርገው ነበር።”

በእሱ ሕግ ልክ ነው። ለጸሎት የሚታጠቡት በእንዲህ ያለ ውሃ ነው፤ የሚፈሰው ይወስደዋል ብሎ አምኗል። እርሳስ ግን ከባድ ነው። ከውሃው ጋር አይሄድም፤ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ሸርጣኑን ይጠብቃል።

“ደሞ ሸርጣን የሚበላው ፈረንጅ ነው” አለ።

“የእኔም ዶሮዎች ይበላሉ” አልኩት። “የእነሱን እንቁላልስ ማን ይበላል?”

ሃዎ ተነሥታ የሙመድን አገጭ ያዘችና ፊቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። “አቦ፣ አፍህን ክፈት።”

መስመሩ አለ። እንደ ክር ቀጭን፣ ጥቁር። ከእጁ ይሁን ከእንቁላሌ ማን ያውቃል፤ ከሁለቱም ይሆናል። እኔ ራሴ በየጠዋቱ እየጠቀለልኩ ስሰጠው ኖሬያለሁ... ደነገጥኩ። ሃዎ አገጩን ቶሎ አልለቀቀችም።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ሙመድ ራሱ ሐኪሙ ጋ ሄዶ ነገረው። ሙሴም አለ፤ እኔ ጥግ ቆሜያለሁ። “ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ሴትየዋ ጥፋት የላትም” አለ። ይህን ሳይጠየቅ! ሸርጣኑ በነገው ባቡር ለምርመራ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሙሴ ራሱን ሲያክ ቆየና “ነገ ና” አለኝ። መቼም “ነይ” አይልም።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ

መልሱ መጣ። እርሳስ፣ ያውም ብዙ። ሙመድ ከሱቁ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ በሲሚንቶ ለሰነ፤ ከእንግዲህ እዚያ ነው የሚያጥበው። ቦዩ ውስጥ አይገባም። ጭቃው ግን እስኪጠራ ዓመታት ይፈጃል አለ ሐኪሙ፤ የተረፉትን ዶሮዎች እንቁላልም እንዳንነካ ከለከለን። ለመከልከሉም ቀኑ ጥሩ ነበር። እኔ የነቢያትን ጾም፣ እነሱ ረመዳንን ይዘናል... ጠዋት እንቁላል የሚጠይቅ የለም።

ሃዎ ሸርጣኑን ትታ ሳምቡሳ መጥበስ ጀምራለች፤ ከሆቴሉ በር ሳትደርስ ያልቅባታል። ሙሴ የእኔን ምስር ይበላል። ሚስቱ እንደሞተችበት ሰው ነው ፊቱ። ሆዱ ግን ተሻለው፤ ዛሬ ደግሞ “ጨምር” አለ።

ጥር 9፣ ማክሰኞ

ገናውም ኢዱም አለፈ። ሃዎ በኢድ ቀን የሰጠችኝ ቄብ ዶሮ ዛሬ የመጀመሪያ እንቁላሏን ጣለች። እህል እንጂ ሸርጣን አይታ አታውቅም። የዋናዋም ክንፍ ቀና ብሏል፤ ቄቧን ገና ከአሁኑ ታሳድዳታለች።

እንቁላሏን ይዤ እነሙመድ ቤት ሄድኩ። ተቀብሎኝ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጋት። አልተሰነጠቀችም። ደግሞ መታት። ሃዎ “ልትሰብራት ነው እንዴ?” ብላ ቀማችውና እኔ ጠበስኳት።

ሳህኑን ፊቱ አስቀመጥኩ። እጁን አልዘረጋም። ወደ እኔ ገፋው።

“መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ።”

እውነቱን ነው። ቀመስኩ። ጨው ረስቻለሁ... ጨመርኩበትና መለስኩለት።