የሚፍታ ሰንጢ

ጥር 4
ቀለሟ፣ ጻፊ። አንቺ መጽሐፍ ቅዱስ ላንብብ ብለሽ ፊደል ቆጠርሽ፣ እኔ ባልሽ ብረት ቀጠቀጥኩ። እንደተናገርኩት ጻፊው፣ አታሳምሪው።
ዛሬ የአንድ ሰንጢ እጀታ ጨረስኩ። ወይራ ነው። አሰላ ውስጥ ከኔ የተሻለ ሰንጢ የሚሠራ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ሌላ ነገር የለም። ነፋስ ነበር።

ጥር 7
ሚፍታ መጣ፣ የፈረስ ሰኮና የሚከረክመው። በቅርቡ የሸጥኩለትን ሰንጢ ፊቴ ወረወረው።
«ኦቦ ለታ፣ ይሄ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል።»
«የማን ሽማግሌ?»
«የእርስዎን አላልኩም።»
ብሎኑ ላልቷል። ብሎኑ ከላላ ጀርባው ላይ ያለው ሞላ ስለቱን አይዝም። ሰኮና ሲቆርጥ ቢታጠፍስ? ጣቱ ላይ ነው የሚዘጋው። በካቻቢቴ አጠበቅኩለት። ድሮ ሚስማር አስገብቼ ጫፉን ስቀጠቅጥ መቼ ላላ? ብሎን ይሁንልን፣ ፈተን እናጽዳው ያሉት እነሱ ገዢዎቹ...

ጥር 11
ሚፍታ ሰንጢውን ይዞ ተመለሰ። እንደገና ላልቷል። ሞተር ጠጋኞቹ ብሎን የጥፍር ቀለም ቀብተው ያስራሉ አሉ። ሱቅ ሄድኩ።
«አባባ፣ ለማን ነው?» አለች ባለሱቋ።
«ለሰንጢ።»
«ቀይ ትወዳለች ሮዝ?»
ሱቁ ሙሉ ሳቀ። ቀይ ገዛሁ። የሚፍታን ቀብቼ አሰርኩ። እኔ ጋ ያለውን ባለ ወይራ እጀታውንም እንዲሁ አደረግኩ። «አሁን ፈረስ ቢረግጠውም አይፈታም» አልኩት። ሰው ፊት ማልኩለት።

ጥር 16
እኔ ጋ የቀረው ላላ። ስከፍት ስዘጋ፣ ላላ! ፈታሁት። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጦ ወጣ። ለምን አልያዘም? ብሎኑን በጣቴ አሸሁት... ሙልጭልጭ አለ። የበግ ላት።
አባቴ ሚስማሩን እንዳይዝግ የቀለጠ ላት ውስጥ ነክሮ ነበር የሚመታው። እጄ ለምዶ ብሎኑንም እነክራለሁ። የተቀጠቀጠ ሚስማርን ላት ምን ያደርገዋል? ብሎንን ግን ያንሸራትተዋል። ቀለምም አያስይዝም።
የሚፍታም ያው ነው።
ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። ሚስቱ ሀሊሜ ጋ ደወልኩ። «ኦጎልቾ ሄዷል፣ ነገ ገበያ አይደል? ፈረሱ ይሰለፍለታል» አለች።
«ጠዋት ትሄዳለህ» አለች ቀለሟ።
«ሰው ፊት ምን ልለው ነው?»
«አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ጣቱ ይኑረው።»

ጥር 17
ኦጎልቾ ደርሼ መጣሁ። ገበያው ዳር አገኘሁት። የፈረሱን እግር ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሰንጢው ተከፍቶ። ከሩቅ ጮህኩ። «ሚፍታ! ጣለው!»
ፈረሱ በረገገ። በኔ ድምፅ። እግሩን ሲነጥቅ ስለቱ ታጠፈ... ሌባ ጣቱ ላይ።
ጣቱን በፎጣዬ አሰርኩት። አጥንት አልነካም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ፊቱ ነጭ ሆኖ ሳቀብኝ።
«ወላሂ ኦቦ ለታ፣ ሊያድኑኝ ነው ሊቆርጡኝ የመጡት?»
ሰው ከቦናል። ምን ልበል? «ብሎኑን ላት የነከርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 20
ብሎን በቤንዚን አጠብኩ። አደረቅኩ። ቀባሁ። አሰርኩ። ላቱን ለውሻ ሰጠሁ።

ጥር 29
ሚፍታ ፋሻውን ፈትቶ መጣ። ብሎኑን ያጠብኩትን አዲሱን ሰንጢ ሰጠሁት። ቀኑን ሙሉ ጉቶ ሲቆርጥበት ዋለ። ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። እሱን ግን አልበቃውም።
«አሁን እርስዎ» አለ።
ገባኝ። ስለቱ የሚታጠፍበት ላይ የራሴን ጣት አስገባሁ። «የስለቱን ጀርባ ጫን» አልኩት። ጫነ። እንደ ሰኮና ጫነ። ላብ ጆሮዬ ሥር ወረደ። ቀለሟ ፊቷን አዞረች። ይሄን አልጽፍም ትላለች... ጻፊ።
ያዘ።
ሰንጢውን ኪሱ ከቶ ሄደ። ወሬውን ይዞት ሄደ መሰለኝ፤ ማምሻውን ከሲሬ የመጣ ሰውዬ ሰንጢ አነሳ፣ ከፈተ፣ ዋጋ እንኳ አልጠየቀም።
«ኦቦ ለታ፣ ጣትዎን ያምጡ» አለኝ።
ሰጠሁት።