ዓለምን ጣውንት አድርጎ ላመጣብኝ ባሌ

ለምስጋናው፣ ከሞትክም በኋላ ለምቀናብህ ባሌ፤

ከተለያየን ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን እንደ አቅሜ አወጣሁ። ሰው ሁሉ ከሙት ዓመት በኋላ ሐዘን እየቀለለ ይሄዳል ይለኛል። የእኔ አልቀለለም፤ ሐዘን ብቻ ስላልሆነ ይመስለኛል። ንዴት አለበት፣ ከንዴቱም ቅናቱ ይብሳል። ሌላዋ ሴት ባሏን ስትቀብር ቅናቷንም አብራ ትቀብራለች። እኔን ግን አንተን የሚሻማኝ ሰው የበዛው ከቀበርኩህ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው። መሠረተ ትምህርት ግቢ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ ፊደል ለምኔ ነው ብዬ የተሸሸግኩብህን ቀን አልረሳሁም። እንደምንም ገፍተህ አስገባኸኝ፤ ይኸው የመጀመሪያውን ረጅም ነገር የምጽፈው ለማያነበው ሰው ሆነ። ፊደሌ ጠማማ ነው። አንተ ግን የእኔን ጠማማ ነገር ችለህ የኖርክ ሰው ነህና አትፈርድብኝም።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ዘንድሮ ዝናቡ መጣ። በረሃቡ ጊዜ የተተከሉት የመጠለያው ድንኳኖች ተነቅለው ቦታው ላይ ገብስ ተዘርቷል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው። ልጅህ ሐረጉ በቁመት ደርሳብኛለች። ንግግሯ ያንተው ሆነ፤ አንድ ነገር ጀምራ ሦስት አገር ዞራ ነው የምትመለሰው። እህቴ ከነልጆቿ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ ተወስዳለች፤ እስካሁን ያለችበትን አላወቅንም። ጎረቤታችን እንድሪስ ሱቁን መልሶ ከፍቷል። ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ ጎራ ብሎ ይጠይቀናል፣ ስኳርም ያመጣል። ደግ ሰው ነው። አንድ ነገሩ ብቻ ያበግነኛል፤ ስምህን ሲያነሳ «የእኛ ምስጋናው» ይላል። ከፃግብጂ ድረስ ቁስላቸውን ታጥብላቸው የነበሩ ሰዎች ለገበያ ሲወጡ ቤቴን ጠይቀው ይመጡና እነሱም «የእኛ ምስጋናው» ይላሉ። ሁሉም የእኛ ካሉ ለእኔ ምን ተረፈኝ?

ነገሩ የጀመረው ገና የእርዳታ ፈረንጆቹ ሳይመጡ ነው። በጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ሆነህ ስትሠራ ውለህ ትመጣና ከእኔ በፊት ሬዲዮኑን ትነካካለህ። ጆሮህን አስጠግተህ በማላውቀው ቋንቋ የሚያወራ ሰው ታዳምጣለህ። ሰው መንኮራኩር ሠርቶ ሰማይ ወጥቷል፣ ዓለም እየጠበበች ነው፣ አንድ ቀን ሁላችንም እንደ አንድ ሰፈር ሰው እንተዋወቃለን ትለኝ ነበር። እኔም ያለኝ ጎረቤት ይበቃኛል፣ ከነሱ ጋር እንኳ በዶሮ እየተጣላሁ ነው እልህ ነበር። ትስቃለህ። የምሬን እንደነበር ግን አልገባህም።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። በዙሪያችን ካሉት ከዝቋላም ከፃግብጂም ሰው እየተንጠባጠበ ሰቆጣ ገባ፣ ከከተማው ጫፍ መጠለያ ተተከለ፣ ፈረንጆቹም መጡ። እንግሊዝኛ ሞካካሪ አንተ ነበርክና አስተርጓሚ ሆንክ። ከዚያ ወዲያ ያየሁህ ስትተኛ ነው። እራት ላይ ስለ ብሪጂት ታወራልኛለህ፣ ስለዚያች ከአየርላንድ ስለመጣች ነርስ። ብሪጂት እንዲህ አለች፣ ብሪጂት ዛሬ አልበላችም። የሰፈሩ ሴቶችም ውኃ ስንቀዳ እያዩኝ ይንሾካሾኩ ነበር።

በእሷ ብቻ ብቀና ኖሮ ቀላል ነበር። አንዲትን ሴት ፀጉሯን ይዞ መጎተት ይቻላል። አንተ ግን የወደድከው ሁሉንም ነበር፤ እህል የሚያመላልሰውን ሄሊኮፕተር የሚጠግነውን መካኒክ ማሬክን፣ ቋንቋው የማይገባህን ሾፌር፣ ስሙን እንኳ የማታውቀውን ሕመምተኛ። ዓለምን የሚያህል ጣውንት አመጣህብኝ፤ ፀጉሯ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።

እነዚያ ፈረንጆች ደግሞ እርስ በርስ የማይስማሙ። ማሬክ ፖላንዳዊ ነው፣ መንግሥቱ ከእኛ መንግሥት ጋር ወዳጅ ነው፤ የብሪጂት ምዕራብና የእሱ ምሥራቅ ግን መሣሪያ ተደጋግነው የሚኖሩ ናቸው ብለህ ነግረኸኛል። ከአንድ ሄሊኮፕተር እህል ሲያወርዱ ውለው ሰላምታ አይለዋወጡም ነበር። ይህ አንተን እንቅልፍ ነሳህ። የእኛ ሰው በረሃብ እየረገፈ ያንተ ጭንቀት የሁለት ፈረንጆች ኩርፊያ ነበር። እንደ ማኅበር መሆን አለበት አልክ። በጽዋ ማኅበር ማንም ሁልጊዜ አብልቶ፣ ማንም ሁልጊዜ በልቶ አይኖርም፤ ጽዋውን የተቀበለ ሰው ቀጣዩ ደጋሽ ነው፣ ድግሱን ሳያወጣም ጽዋውን አይመልስም። ሀብታሙም ድሃውም ተራ አለው። ዓለምም እንዲህ ብትሆን የሚያንስብን የለም ነበር ያልከው።

ፈረንጆቹንና እንድሪስን ወደ ማኅበራችን ላስገባ ብለህ ብትጠይቃቸው የነፍስ አባታችን የሚካኤልን ጽዋ ለሌላ እምነት ሰው አላዞርም ሲሉህ አልተቀየምካቸውም፤ እውነታቸውን ነው ብለህ እጃቸውን ስመህ ወጣህ። ቤት ገብተህ ዓይንህን መደርደሪያው ላይ ስትጥል ነገሩ ገባኝ። አግብተህ ከጽጽቃ ስትወስደኝ አባቴ የሰጠኝን የቀንድ ዋንጫ አነሳህ። ከእናትና ከአባቴ ቤት የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። አኮረፍኩ። የሰማኸኝም አልመሰለኝም።

ሁሉንም ቤታችን በጠራህበት ቅዳሜ ያሰናዳሁትን ታውቃለህ። ቤት ውስጥ የቀረችንን ገብስ ቆላኋት፤ ከቀፎው የተረፈችውን ነጭ ማር በውኃ በጥብጬ ብርዝ አደረግኳት፤ እንድሪስም ከሁሉ ጋር ከአንድ ዋንጫ እንዲጠጣ ጠላ አይሁን ብለሃልና። ለልጄ ያስቀመጥኩትን ቆሎ ፈረንጅ ሲቆረጥመው እያየሁ ማጀት ገብቼ አነባሁ። እህሉን እነሱ ያመጡልናል፣ የእኛን ደግሞ ለነሱ ታበላለህ፤ ይህ ምን ዓይነት ሞኝነት ነው አልኩህ። ሁልጊዜ ከእጃቸው ብቻ ከበላን ለማኝ ሆነን እንቀራለን፣ እነሱም ጌቶች ሆነው ይቀራሉ፤ አንድ ቀን ከእጃችን ይብሉ አልከኝ። በልቤ ግን ልጅህን ቆሎ ከልክለህ ዓለምን ስታስታርቅ አየሁህ አልኩ። ዛሬም እሱን አልተውኩልህም።

ግን ያየሁትንም አልክድም። ማሬክ ለብሪጂት ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፣ አንተ በመሃል ገባህ። ዋንጫው ሲደርሰው ኃይለኛ መጠጥ መስሎት በጉጉት ተጎነጨና ማርና ውኃ ሲሆንበት ፊቱ ወደቀ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ቀጥሎ እሱ ራሱ ሳቀ። እንድሪስ ከት ብሎ ጺሙ ላይ አፈሰሰው። አንተ እንዴት ያለ ደስታ ነበር ፊትህ ላይ! በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ ስትደሰት አላየሁህም፤ ያ ነው ያቃጠለኝ።

በማግሥቱ ቀበሌ ተጠራህ። በየስብሰባው የዓለም ወዝአደሮች አንድ ይሁኑ እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ የሚጮኸው ካድሬ፣ ሁለት የዓለም ሠራተኞች ከምር እኔ ቤት ቁጭ ብለው ቆሎ ሲበሉ ጊዜ ደነገጠ። ምን ተወራ፣ ማን ምን አለ ብሎ አዋለህ። ስለ ማር ነው የተወራው ብለህ ተመለስክ፤ እውነትህን ነበር።

ተራው ዞረ። እንድሪስ በሱቁ ተምርና ሻይ አቀረበ። ማሬክ ከሄሊኮፕተሩ ጥላ ሥር ድንች በባልዲ ቀቅሎ አበላን፤ ጨው ረስቶ ነበር፣ ዝም ብለን በላን። ከማሬክ እጅ ዋንጫውን የተቀበለችው ብሪጂት ናት። የእሷ ድግስ ሳይደርስ በመጠለያው የገባው ተስቦ አንተን ያዘህ።

ስለተኛህበት የበሽተኞች ድንኳን መጻፍ አልፈልግም ነበር። ግን ለማን እነግራለሁ? ዙሪያውን ገመድ ተወጥሮ ነበር፣ በሽታው እንዳይዛመት ከሐኪም በቀር አይገባም ተባለ። እኔ ሚስትህ ከገመዱ ውጭ ቆሜ እሷ ትገባለች፣ ትወጣለች። ግንባርህን የምትጠርገው እሷ፣ ውኃ የምታጎነጭህ እሷ። አሥራ ምናምን ዓመት አብሬህ ኖሬ የመጨረሻውን እስትንፋስህን የሰማችው የሰው አገር ሰው ናት። ስትወጣ ፊቷን አይቼ አወቅኩት። ልታቅፈኝ ስትመጣ ገፋኋት። አሁንም ብትመጣ የምገፋት ይመስለኛል።

ለቅሶህ ላይ ደግሞ ያልመጣ የለም። እንድሪስ ሱቁን ዘግቶ የለቅሶውን ድንኳን እንጨት ተሸከመ። ማሬክ ቆቡን አውልቆ ከእኔ በላይ አለቀሰ። ሰው ሁሉ እኔን ትቶ እሱን ማባበል ያዘ። በገዛ ባሌ ለቅሶ ላይ በለቅሶ የሚበልጠኝ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የሆነውን ዋናውን ነገር ልንገርህ። መጠለያው ሲዘጋ ማሬክ ቀድሞ ሄደ። ብሪጂት ልትሄድ ስትል እኔ ቤት መጣች። የተቀመጠችው አንተ ትቀመጥበት ከነበረው መደብ ላይ ነው፤ ተነሺ ልላት ምንም አልቀረኝም። በሰባራ አማርኛዋ ስለ መጨረሻዋ ቀንህ ነገረችኝ። ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ። መጨረሻ ላይ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ተውከው አለች፤ እሷ ሰምታው በማታውቀው ቋንቋ ብዙ አወራህ፣ አንድም አልገባኝም አለች። ኽምጣኛ መሆኑ ነው፣ የቤታችን ወሬ የምናወራበት። ምን እንዳልክ ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም። ግን ደስ አለኝ ምስጋናው። ለዓለም ሁሉ ስትናገር ኖረህ መጨረሻህን ከእኔ ጋር አወራህ። ገመዱ ከለከለኝ እንጂ የምታናግረው እኔን ነበር። ይህን ከእጄ የሚወስድ የለም።

ቀጥላ ከቦርሳዋ የአባቴን ዋንጫ አወጣች። አጥባ፣ ወልውላ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላዋለች። ከዚህ አገር ምንም ይዤ መሄድ አልፈልግም፣ የእናንተ የሆነው ለእናንተ ይቅር አለችኝ። እጄ ሊቀበላት ተዘርግቶ ነበር። ያንን ዋንጫ ምን ያህል እንደፈለግኩት አንተ ታውቃለህ፤ የአባቴ ነው፣ ያንተም ከንፈር ነክቶታል። ልወስደውና መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ በሩን ልዘጋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንተም ዋንጫውም የእኔ ብቻ ትሆናላችሁ።

ፊቷን አየሁት። የተዋሰችውን ሳህን አጥባ የምትመልስ ሰው ፊት ነው። ንጹሕ ሆና ልትሄድ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ቅናት ያዘኝ፣ ከፊተኛው ሁሉ የባሰ። ሬዲዮኑ ወሰደህ፣ ድንኳኑ ወሰደህ፣ ዓለም ባሌን በልታ እጇን ታጥባ ልትሄድ ነው? አንተ የሞትክለት ነገር እንዲህ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሊመለስልኝ ነው?

እጄን ሰበሰብኩ። ተራሽ ነው አልኳት። ሳትደግሺ አይመለስም።

አልገባትም። ደንቡን እንደገና ነገርኳት፣ አንተ እንደምታስረዳው ቀስ ብዬ። አገሬ ሩቅ ነው፣ ማን ይመጣል አለችኝ። እሱ የደጋሹ ጭንቀት ነው አልኳት። የምትጣዪውን ሰው አስቀምጪ፣ የማትግባቢውን አጠገብሽ አድርጊ፣ ማር ካለ ማር፣ ከሌለ ያለውን። የሚቀጥለው ከአንቺ ይቀበላል። እየዞረ አንድ ቀን ሰቆጣ ይደርስ ይሆናል፣ ላይደርስም ይችላል። ዋንጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አላባበልኳትም። ይዛው ሄደች።

እንድሪስ የአባትሽን ዕቃ በትነሽ ቀረሽ ብሎ ተቆጣኝ። አልሰጠኋትም፣ ተራዋ ነው አልኩት። አንዳንድ ቀን ግን እኔም እጠራጠራለሁ። ቤቷ ግድግዳ ላይ ጌጥ አድርጋ ሰቅላው ይሆን? ዓለም አንድ ሰፈር ትሆናለች ያልከው መቼም የሚሆን አይመስለኝም። ሰው ሲቸግረው ይሰበሰባል፣ ሲጠግብ ይበተናል፤ እኛም እዚሁ ከጎረቤት ጋር መልሰን በዶሮ መጣላት ጀምረናል። ቢሆን ግን ስጦታ ብቻ ይዞ በሚመጣ እንግዳ አይሆንም፤ ተራውን በሚያወጣ ነው። ይህን እንኳ ካንተ ተምሬያለሁ።

ስለዚህ እንካፈል። እንድሪስ የእኛ ይበልህ፣ የፃግብጂ ሰው የእኛ ይበልህ፣ ማሬክም ባለበት ያልቅስልህ። ብሪጂትም በአገሯ ድግሱን ታውጣና ስምህን ታንሳ። እነሱ ተራቸው ሲደርስ ያስቡህ። እኔ ተራ አልጠብቅም።

ሚስትህ ወርቄ